ጽሑፍ የሌላቸው ጣሳዎች

ሰፈርተኛው «ፈረንሳዩ» ይለዋል። ፈረንሳይን በካርታ እንኳ አይቶ አያውቅም፤ ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከአንዲት አሮጌ የፈረንሳይ መኪና ሥር ተኝቶ የተነሣ መካኒክ ሌላ ምን ይባላል? መኪናዋ አመለኛ ናት። ሞተሯ ሲነሣ መሬት ለመሬት ከተኛችበት መጀመሪያ ኋላዋን፣ ቀጥሎ ፊቷን ቀና ታደርጋለች። ፍሬኗ እንኳ እንደሌላው አይደለም፤ ወለሉ ላይ የበቀለ እንጉዳይ ይመስላል። በከተማው የቀረችው እሷ ብቻ፣ እሷን የሚያውቅም እሱ ብቻ። በዚህ ይኮራ ነበር።

ኩራቱ ግን ንፉግ ነው። መኪናዋ የምትነሣውም የምትቆመውም በአንድ የተለየ ዘይት ነው። ሌላ መካኒክ እንዳያውቅበት ገዝቶ ሲመጣ ወደ ጥቁር ጣሳ ይገለብጠዋል፤ የሌሎቹን መኪናዎች የፍሬን ዘይትም እንደዚያው። ጣሳዎቹ መንታ ናቸው፤ አንዱም ላይ ጽሑፍ የለም። አብራው ጋራዥ የምትሠራው ልጁ «አባዬ፣ አሳየኝ እንጂ» ስትለው፣ «ሙያ በልብ ነው፤ ትደርሺበታለሽ» ይላታል። አሥራ አንድ ዓመት ጎማ ስትፈታ ኖረች። ከማን እንደሚደብቀው እንጃለት፤ ከእሷ ሌላ ወራሽ እንኳ የለውም።

በኋላ ሐሞቱን ታሞ ሆስፒታል ገባ። ሊወጣ ሦስት ቀን ሲቀረው ልጁ ደስ ላሰኘው ብላ መኪናዋን አጠበች፤ ዘይቷ ጎድሎ ብታገኘው ከአንዱ ጣሳ ሞላችላት። መኪናዋ ውስጥ የቀረው ዘይት በእርጅና ጠቁሮ ስለነበር የትኛው ጣሳ እንደሆነ መለየት አልቻለችም።

በመውጫው ቀን ልጁ ነድታ ያመጣቻት መኪና ሆስፒታሉ በር ላይ ቀጥ ብላ ቆማ ሲያይ ዕንባው መጣ። ገብቶ ከልጁ ጎን ተቀመጠ። ወዲያው ከሥራቸው «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ መኪናዋ በዘበኞቹና በበሽተኞቹ ፊት ቀስ ብላ በሆዷ ተኛች።

ወርዶ የፈሰሰውን በጣቱ ነክቶ አሸተተ።

«ከየትኛው ጣሳ ነው የጨመርሽው?»

«ከግራው።»

የፍሬን ዘይት ነው። በየቧንቧው መጋጠሚያ ያሉት የጎማ ቀለበቶች፣ ጎሚኒዎቹ ሁሉ፣ በእሱ አብጠው ተበልተዋል፤ ምትካቸው መሠራት ካቆመ ዘመን ሆኖታል። ሊቆጣት አፉን ከፈተ፤ ጣሳዎቹ ትዝ ሲሉት አፈረና ዘጋው።

የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ይነግራት ጀመር። የቀኙ ምን እንደሆነ፣ የግራው ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚሸተት፣ ብሎኑ ስንት ዙር እንደሚጠብቅ፣ አንድም ሳያስቀር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ልጁ አጠገቡ ቁጢጥ ብላ እስኪጨርስ አዳመጠችው።

«አባዬ» አለችው፣ «ይሄን አሁን በየትኛዋ መኪና ልሥራበት?»

ታክሲ ልትጠራለት ተነሣች።