ከምስማሩ በታች ያሉት የከሰል መስመሮች

«አንቺ ልጅ፣ የእናትሽን መድኃኒት ፊትሽ ላይ ትለቀልቂዋለሽ?» አሉኝ አክስቴ፣ ገና ከበሩ ሳልገባ። መዳፋቸው ላይ በመርፌ የተወጉ፣ ዘይታቸው ተጨምቆ ያለቀ ቢጫ የመድኃኒት ፍሬዎች ይዘዋል። ከእናቴ ፍራሽ ሥር ነው ያገኟቸው።

ሮቤ ውስጥ እኩዮቼ ይህን የቫይታሚን ኢ ፍሬ ለፊታቸው እንደሚገዙት አውቃለሁ። «እትዬ፣ ፊቴን ይዩትማ! የሲናና ሜዳ ንፋስ የሰነጠቀው ፊት የተቀባ ይመስላል?» አልኳቸው። ሳቃቸው አመለጣቸው። እናቴ ግን አልሳቀችም፤ ያኔ ማን እንደወጋቸው ገባኝ።

እናቴ የጡት ካንሰሯን አዲስ አበባ ታክማ፣ ጨረሩን ጨርሳ ከተመለሰች ወራት አልፈው ነበር። ጨረሩ ያረፈበት ደረቷና ብብቷ ግን እየደረቀ ክንዷን ያዘው፤ ሻሿን እንኳ የማስርላት እኔ ነበርኩ። ሐኪሙ ቫይታሚን ኢን ከሌላ ክኒን ጋር አዘዘላት። «ጠባሳው ከውስጥ እንዳይጠነክር ያግዝ ይሆናል፤ ቃል አልገባም። ወራት ይፈልጋል፣ እንዳታቋርጥ። ክንዷ እንዲፍታታም በጣቶቿ ግድግዳውን ሽቅብ ትውጣ» አለኝ።

«ሁዳዴ ነው» አለች እናቴ መሬት መሬት እያየች። «የፍሬው ልባስ ከከብት ነው የሚሠራው አሉ። ዘይቱን ከላይ ብቀባውስ ብዬ ነው።»

«የሚደርቀው ከሥር ነው እንጂ! ቂጣ ነሽ እንዴ ከላይ የምትቀቢ?» አልኳት።

በማግስቱ ጎባ ሄጄ የንስሐ አባቷን በሚኒባስ ይዣቸው መጣሁ። ፍሬውን አገላብጠው አዩት። «መድኃኒት ምግብ ነው ያለሽ ማነው? ከቅዳሴ በኋላ ከእህል ጋር ዋጪው። ንስሐ የምሰጥሽ ካልዋጥሽ ነው!»

ዋጠች። በየቀኑ በጣቶቿ ግድግዳውን ስትወጣ የደረሰችበትን በከሰል አሰምር ነበር። ብታለቅስም አልማርኳትም። አንዳንድ ሳምንት መስመሩ አልነቃነቅ ይላል። መድኃኒቱ ይሁን ግድግዳው አላውቅም፤ ክረምቱ ሲገባ ሻሿን ራሷ አሰረች። አክስቴ ጎረቤቱን እየጠሩ መስመሮቹን ሲያሳዩ እኔም ደረቴን ነፍቼ አጠገባቸው ቆምኩ። ትምህርቴን አሥራ ሁለተኛ ላይ ነው ያቆምኩት፤ ያን ግድግዳ ግን እንደ ዲግሪ ነው የማየው።

ለግብርና ሥልጠና ወደ አጋርፋ የምሄድበት ጠዋት፣ ጃኬቴ ከመጨረሻው መስመር በላይ ካለው ምስማር ላይ ተሰቅሏል። እጄን ልዘረጋ ስል እናቴ ቀደመችኝ። በዚያው ክንዷ ተንጠራርታ አወረደችው።

«ያዢ፣ ይበርድሻል። ቶሎ በይ፣ መኪናው ሞልቶ ይሄድብሻል።»

ለበስኩትና ወጣሁ።