ጥጉ ሳይደርስ

የባሌ እህት በሌዘር ብርሃን እያቃጠለ እንጨት ላይ የሚጽፍ ትንሽ ማሽን ያስመጣችው ገላን ኮንዶሚኒየም በገባን በሁለተኛው ዓመት ነው። እሷ አራተኛ ፎቅ፣ እኛ ሁለተኛ። የቢሮ ሥራ ስላላት «ለጊዜ ማሳለፊያ ነው» ትል ነበር። ከአቃቂ ዕቃችንን ስንጭን የስፌት መኪናዬን አይታ «እትዬ፣ ይሄን ብረት ለቆራሌው ስጪውና ነይ» ያለችኝም እሷው ናት። ሃያ ዓመት የጠለፍኩበትን መኪና። ይዤው መጣሁ፤ ግን አልረሳሁላትም።

ከዚያ ልጄ ልታገባ ሆነ። በሰርጉ አዳራሽ በር ላይ የሚቆመውን የሙሽሮቹን ስም እኔ እጠልፈዋለሁ ብዬ ነጭ ጨርቅና ወርቃማ ክር ገዝቼ ነበር። ልጄ ሳታማክረኝ አራተኛ ፎቅ ወጣች።

«እማዬ፣ አክስቴ በኮምፔንሳቶ ትሠራዋለች። ዘመናዊ ይሆናል።»

«ይሁን» አልኩ። ጨርቁን ሳጥን ውስጥ ከተትኩት።

ወንፊት ልመልስ ብዬ ወጥቼ ሥራውን አየሁት። ማሽኑ ቀጥታውን አሳምሮ ይሄዳል፤ ፊደሉ የሚታጠፍበት ሲደርስ ግን ድንገት ቆሞ ድንገት ይነሳል። ጥጉ ላይ የተቃጠለ ጥቁር ነጥብ፣ ከጥጉ ቀጥሎ የተንቀጠቀጠ መስመር። ፍጥነቱን ብትቀንሰው ፊደሉ በሙሉ ጠቆረ። ብትጨምረው ጠረጴዛው ሳይቀር ተንቀጠቀጠ። ሦስት ሰሌዳ አበላሸች።

«ምን ይመስልሻል፣ እትዬ?»

«የኮምፒውተር ነገር እኔ ምን አውቃለሁ? እኔ የብረት ሰው ነኝ።»

አውቅ ነበር። ጥልፍ ስትጠልፊ እግርሽን ጥጉ ላይ አታቆሚም። ጥጉ ሁለት ጣት ሲቀረው ፔዳሉን ለቀቅ ታደርጊያለሽ፤ ከዞርሽ በኋላም ቀስ ብለሽ ትነሺያለሽ። ጨርቁ ሲዘገይ መርፌውም አብሮ ይዘገያል፤ አለዚያ ክሩ አንድ ቦታ ይቆለላል። የእሷ ማሽን ብርሃን ግን እየዘገየም በዚያው ኃይሉ ያቃጥል ነበር። ይህን ለመናገር ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃኝ ነበር። አልተናገርኩም። ሰርጉ ሳምንት ቀርቶታል፤ ልጄ ወደ እኔ ወርዳ «እማዬ፣ አንቺው ጥለፊልኝ» እንድትል ፈልጌ ነበር።

አልወረደችም።

የሰርጉ ዕለት ሰሌዳው በሩ ላይ ቆሟል። አንድም ጥግ አልጠቆረም። እንግዳው «እጅሽ ይባረክ» ሲላት የባሌ እህት ትደረድራለች፦ «ፍጥነቱን አልነካሁትም። አነሳሱንና አቋቋሙን አለሳለስኩት፤ ሲዘገይም ብርሃኑ እንዲቀንስ አደረግኩ።» እኔ በልቤ የያዝኩትን ነገር ከአፏ ሰማሁት።

ልጄ ለመልስ ስትመጣ ጓዳ ጠርቼ ጠየቅኳት።

«ማን ነገራት?»

«እኔ ነኛ! ልጅ ሆኜ መኪናሽ ሥር እተኛ አልነበር? ጥግ ሳትደርሺ ድምፁ ቀስ ይላል፤ ከዚያ ቀስ እያለ ይነሳል። እንደ እማዬ እግር አድርጊው አልኳት።»

«እሷስ?»

«ሳቀችብኝ። ግን ሠራ።»

የባሌ እህት «እንደ እማዬ እግር» የሚለውን ለአንድ እንግዳ እንኳ አልተነፈሰችም። ሰሌዳው አሁን ልጄ ቤት ሳሎን ውስጥ ተሰቅሏል፤ በሄድኩ ቁጥር ጥጎቹን በጣቴ እነካቸዋለሁ። ልጄ «አንቺ ለምን ዝም አልሽ?» ብላ እስካሁን አልጠየቀችኝም። ብትጠይቀኝ የምመልሰውን ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ።