ወረንጦ በዝንቦቹ ክፍል

በስሟ የሚጠራት የለም፤ ሁሉም «ወረንጦ» ነው የሚላት። ወረንጦ ከእጇ ስለማይለይ ነው፤ ምላሷም ሲቆነጥጥ አይጣል ነው። ሥራዋ በአንድ የምርምር ክፍል ውስጥ የፍራፍሬ ዝንብን አንጎል ሳይበጠስ ከዝንቧ ጭንቅላት ማውጣት ነበር። ከአሸዋ ቅንጣት በማይበልጠው በዚያ አንጎል ውስጥ እንጉዳይ የመሰለ ቦታ አለ፤ ዝንቧ የትኛው ሽታ ጉዳት እንደሚያስከትል የምትማረውም የምታስታውሰውም በእሱ ነው። ዝንብ መጀመሪያ ትል ናት፤ ትሏ ቅርፊት ውስጥ ተኮራምታ ወደ ዝንብነት ስትለወጥ፣ በዚያ ቦታ ቀድመው የተወለዱት ሕዋሳት የድሮ ቅርንጫፎቻቸውን ይጥላሉ፤ ከዚያ አዲስ ያበቅላሉ። ወረንጦ ይህን ለውጥ ለማሳየት ነበር ስትፈለቅቅ የምትውለው።

ባሏ በያጅ ነበር፤ ቡጢው ከመዶሻው አይተናነስም። በጥፊ ጀመረ፤ ከዚያ ቀበቶ መጣ፤ በመጨረሻ ጭንቅላቷን ከበሩ መቃን ጋር አጋጨው። ያኔ ልብሷን በፌስታል ጠቅልላ ታላቅ እህቷ ቤት ገባች።

«ተመልሰሽ ብትሄጂ እኔው ነኝ የምገድልሽ» አለቻት እህቷ፣ የተሰነጠቀ ከንፈሯን እያጠበችላትና እያለቀሰች።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ በያጁ የዝንቦቹን ክፍል በር በእርግጫ በርግዶ ገባ። በእጁ የብረት ቱቦ ይዟል።

«ውጪ! ወደ ቤትሽ!»

«ቤቴ አይደለም» አለችው፣ ከወንበሯ ሳትነሣ።

መደርደሪያውን በቱቦው ጠረገው። ዝንቦቹ የሚረቡባቸው ጠርሙሶች ተፈረካከሱ፤ ዝንቦቹ ግር ብለው ተነሡ፤ የምግባቸው የኮመጠጠ እርሾ ሽታ ክፍሉን ሞላው። የክፍሉ ኃላፊ ዶክተሯ መሃል ልትገባ ስትል ክንዷን መታት፤ ጩኸቷ ኮሪደሩን አናጋው። ወረንጦ ፊቷን ልትከልል ቀኝ እጇን ስትዘረጋ ቱቦው እሱ ላይ አረፈ። አጥንቱ ሲሰበር ሰማችው። ዳግመኛ ሊያወርድባት ሲያነሣ፣ በግራ እጇ ሹሏን የሥራ ወረንጦ ከጠረጴዛው ላፍ አድርጋ ጭኑ ውስጥ ሰካችበት። እንደ በሬ አጓራ። በዚያው ቅጽበት ዘበኛው ጋሼ ደርሰው ጉልበቱን በዱላ ባይሉት ኖሮ ሬሳዋ ነበር ከዚያ ክፍል የሚወጣው።

በያጁ እዚያው ተይዞ ታሰረ፤ ኋላም ተፈረደበት። በታሰረ ሰሞን እናቱ ሐኪም ቤት ድረስ መጥተው ከአልጋዋ አጠገብ ቆሙ።

«ልጄን አስበላሽው!»

«እማዬ፣ እስቲ እጄን ይዩት።»

አዩት። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ወጡ።

የቀኝ እጇ ጣቶች ጠምዘዝ እንዳሉ ዳኑ። ወደ ሥራ ተመልሳ በግራ እጇ ስትበጥስ፣ ስትራገም፣ እንደገና ስትበጥስ ከረመች። ዶክተሯ ልታጽናናት ብላ፣ «አየሽ፣ ይሄ ሕዋስም የድሮውን ጥሎ ነው የሚያቆጠቁጠው፤ ልክ እንደ አንቺ» አለቻት።

«ኧረ ተይኝ! ዝንቧን ማን በቱቦ መታት? የገዛ አካሏ ነው የሚቆርጠው።»

ሁለቱም ሳቁ፤ ሳቁ ግን ብዙም ሳይቆይ ወደ ለቅሶ ዞረ።

ከጊዜ በኋላ ግራ እጇ ለመደ፤ አንጎሎቹ ምንም ሳይጎድላቸው ይወጡላት ጀመር። በር ሲንኳኳ ግን ዛሬም ትደነግጣለች። ጠረጴዛዋንም ጎትታ በሩን ፊት ለፊት ወደምታይበት ጥግ አዙራዋለች።