ማሽላ ውስጥ ስገባ የምጣራው

ባለፈው ጥቅምት ከልጄ ከአስካለ ጋር ከሸዋ ሮቢት ወደ ጀውሃ በባጃጅ ስንሄድ፣ መንገድ ዳር ያለው ማሽላ ራሱን ደፍቶ አየሁና ጥንቅሽ አማረኝ። ያ እንደ ሸንኮራ የሚመጠጠው ጣፋጭ አገዳ በዚህ ዕድሜዬም አያስችለኝም። ማሳው የዘመድ ስለሆነ ባጃጁን አስቁሜ ወረድኩና ዳር ላይ ቆሜ «ቤቶች!» ብዬ ተጣራሁ። አስካለ ሳቀች።

«እማዬ፣ ማሽላም በር አለው እንዴ?»

ባለ ባጃጁም አብሯት ሳቀ። እኔ ግን ይህን ልማድ እንዲሁ አላመጣሁትም።

ያኔ ገና ወጣት ሙሽራ ነበርኩ፤ አስካለን አርግዤ ሆዴ ገፍቷል። የባሌ ታላቅ ወንድም ጋሼ አበራ ከጦር ግንባር ቆስለው የተመለሱት በዚያው ክረምት ነው። አልሞ ተኳሽ ነበሩ። ይህን ቃል መንደራችን በወሬ ብቻ ስለሚያውቀው፣ ሰው እሳቸውን ለማየት ሰበብ እየፈለገ ይመጣ ነበር። ግዙፍ ጀግና ሲጠብቅ፣ ድምፃቸው የማይሰማ ቀጭን ሰው ያገኛል። ዝንብ ፊታቸው ላይ ብታርፍ እንኳ ዐይናቸው አይርገበገብም። እውነቱን ለመናገር እፈራቸው ነበር፤ ዐይኔን ከሳቸው ላይ ማንሳትም ያቅተኝ ነበር።

ቤት ሲቀመጡ ሁልጊዜ ፊታቸው ወደ በሩ ነው። አንድ ቀን የማሽላ እንጀራ በማሾ ወጥ ሳቀርብላቸው ምክንያቱን ደፍሬ ጠየቅኳቸው። ቤተሰብ ማለት ለበሩ ጀርባን ሰጥቶ መብላት ነው፣ እኔ ገና ቤቴ አልገባሁም አሉኝ። ሚስት አግባ የሚሏቸውንም በዚሁ መልስ ነበር የሚሸኙት።

ማሽላው ሲያሽት ከርከሮ ገባበት። የዓመት ቀለባችን ማሽላው ስለነበር አማቴ፣ ማለት የጋሼ አበራ አባት፣ እንቅልፍ አጡ። ልጃቸው አሮጌውን የቤት ጠመንጃ ይዘው ወፍ ከሚጠበቅበት የእንጨት ማማ ላይ እንዲወጡ ለመኗቸው። ጋሼ አበራ መጀመሪያ እምቢ አሉ፤ ኋላ የአባታቸው ጭንቀት አሸነፋቸውና እሺ አሉ። እኔ ይህን አላወቅሁም። ወንዝ ወርጄ ልብስ ሳጥብ ነበር የዋልኩት።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ስመለስ የጥንቅሽ አምሮት ያዘኝ። በወንዙ በኩል ማሽላው ውስጥ ገባሁ፣ ጎንበስ ብዬ አንድ አገዳ ሰበርኩና መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። በጥርሴ እየላጥኩ መጠጥኩት። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ያሞቀው ያ ጭማቂ እስከ ዛሬ ምላሴ ላይ አለ።

«ማነህ? ተናገር!» የሚል ድምፅ ከላይ መጣ።

ደንግጬ ተነሳሁ። የጠመንጃው አፈሙዝ ወደ እኔ ነበር፤ ወዲያው ወደ ሰማይ ዞረ። ከማማው ሥር የቆሙት አማቴ ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው እዚያው ዘፍ አሉ። ለካስ አገዳው ሲሰበር ሰምተው፣ በለው እንጂ ምን ትጠብቃለህ እያሉ ልጃቸውን ሲያጣድፉ ነበር።

ጋሼ አበራ ወርደው መጡ። ጥይቱን አውጥተው ጠመንጃውን መሬት ላይ አጋደሙት። ከርከሮ እንዳልሆንኩ በምን እንዳወቁ ጠየቅኳቸው።

«አንድ አገዳ ሰብረሽ ዝም አልሽ» አሉኝ። «ከርከሮ እየሰበረ ያልፋል እንጂ ቁጭ ብሎ አያጣጥምም።»

ከዚያ ማሽላውን እያዩ ቀስ ብለው ቀጠሉ። «ሌላው ወታደር ወደ ጭሱ ይተኩሳል፤ ማንን እንደመታ አያውቅም። እኔን ግን አይተህ ተኩስ ብለው መነጽር የተገጠመለት ጠመንጃ ሰጡኝ። አንዱ የጫማውን ክር ሲያስር፣ አንዱ ዳቦ ቆርሶ ለጓደኛው ሲያካፍል አይቻለሁ። አይቼ ነው የተኮስኩት። ዛሬ ደግሞ ሳላይ ልተኩስ ጣቴ ቃታው ላይ ነበር። እባክሽ እህቴ፣ ከእንግዲህ ማሽላ ስትገቢ እንደ ሰው ቤት ተጣሪ።»

እንደዚያ ቀን በሰው ተደንቄ አላውቅም። ለመግደል የተማሩትን ትዕግሥት ለእኔና ለልጄ አዋሉት።

ከዚያ ወዲህ ጠመንጃ አልነኩም። ከርከሮውን በጅራፍ ጩኸትና በእሳት አባረርነው፤ የተረፈው ማሽላም አልከፋም። የአስካለ ክርስትና ቀን ግን ቤቱ በእንግዳ ተሞልቶ ሳለ፣ ጋሼ አበራ ሕፃኗን ታቅፈው፣ ለበሩ ጀርባቸውን ሰጥተው ሲበሉ አየሁ። ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። አሁን ካረፉ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል።

ይህን ሁሉ ለአስካለ የነገርኳት እዚያው መንገድ ዳር ቆመን ነው። እስከዚያ ለምን እንዳልነገርኳት እኔም አላውቅም፤ ምናልባት ሕይወቷ በአንድ ሰው ጣት ላይ እንደነበር መናገር ከብዶኝ ይሆናል። ባለ ባጃጁ ሞተሩን አጥፍቶ ያዳምጥ ነበር። ስጨርስ አስካለ ቀድማኝ ወደ ማሽላው ተጠጋችና «ቤቶች!» ብላ ተጣራች።

የዚህኛው ማሳ ማማ ላይ ሰው አልነበረም። ቢሆንም መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ጥቂት ቆመን ነው የገባነው።