የሻረግ የጨረሰችው መጽሐፍ

ሥራ በጀመርኩበት ቀን ርዕሰ መምህሩ ቁልፍ ሰጡኝና «ወይዘሪት አንጓች፣ ከእርስዎ በፊት የነበረው ሰው አንድ መጽሐፍ እንኳ አልጠፋበትም» አሉኝ። ከቡሬ የመጣሁት የዚያኑ ዕለት ጠዋት ነው፤ ሻንጣዬን እንኳ አላስቀመጥኩም። የተቀጠርኩት ፍኖተ ሰላም ውስጥ ባለ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ በቤተ መጻሕፍት ሠራተኝነት ነበር።

በሩን ስከፍት አቧራው አስነጠሰኝ። መጻሕፍቱ በቁመታቸው ተደርድረዋል፤ የውሰት ካርዶቹ ግን ባዶ ናቸው። ለካ ያልጠፉት ስላልወጡ ኖሯል። መስኮቶቹን ከፈትኩ፤ ከሰዓት በኋላ አንድ ክፍል ሙሉ ልጆች አስገባሁ። ርዕሰ መምህሩ በር ላይ ቆመው አዩና «መጻሕፍቱ ይቆሽሻሉ እኮ!» አሉ።

«ይቆሽሹ» አልኳቸው። አዲስ ሠራተኛ ስለነበርኩ ይሁን ስለደነገጡ እንጃ፣ ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ ቢሯቸው ሄዱ።

የሥራው ዓይነት እንዲህ ነው። መጽሐፉን ከንብረት ክፍል በሞዴል 22 ቅጽ ፈርመህ ትረከባለህ፤ ማህተም ትመታበታለህ፣ ቁጥር ትሰጠዋለህ፣ ከጀርባው የካርድ ኪስ ትለጥፋለህ። የተገነጠለውን በወስፌ በስተህ በክር ትሰፋና በኮላ ትጠርዘዋለህ። ጥረዛ ያስተማረኝ የለም። አንድ አሮጌ መጽሐፍ ፈትቼ፣ መልሼ እየገጠምኩ ነው የለመድኩት።

የሻረግ የምትባል ልጅ የመጣችው ጡረታ ልወጣ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩኝ ነበር። ከፈረስ ቤት ከተማ መሸኛ ይዛ አምስተኛ ክፍል ገባች፤ የምትኖረው ከአክስቷ ጋር ነው። ሁለት ጊዜ ክፍል ስለደገመች ከጓደኞቿ በቁመት ትበልጣለች። ስታነብ ጣቷን ከእያንዳንዱ ፊደል ሥር ታስኬዳለች፤ ልጆቹ ይስቁባታል። የክፍሏ መምህር «ይህችን ሁለተኛ ክፍል መመለስ ነው» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

አንድ የልጆች ልብ ወለድ ሰጠኋት። ልንገረው የሚባል፣ ትምህርት የከበደው የገጠር ልጅ አዲስ ትምህርት ቤት ሲገባ የሚሆነውን የሚተርክ ነው። የውሰት ጊዜው ሦስት ቀን ነበር። በሦስተኛው ቀን መጣችና «እትዬ፣ አራት ገጽ ብቻ ነው የሄድኩ» አለችኝ፤ መጽሐፉን ልትመልስልኝ ዘረጋችው። ካርዱ ላይ አዲስ ቀን ጻፍኩና መልሼ ሰጠኋት። እንዲህ እያደስኩላት ወራት አለፉ። ካርዱ ሞላ፤ ሌላ ካርድ ጨመርኩ። ንብረት ክፍሉ ሲጠይቀኝ «መጽሐፉ ሥራ ላይ ነው» አልኩት።

ከፋሲካ በኋላ ጨረሰችው። መጥታ ጠረጴዛዬ ላይ ወረወረችልኝ ማለት ይቻላል።

«እትዬ፣ ይህ መጽሐፍ ዋሽቷል።»

«ምን ብሎ?»

«ልንገረው በዓመቱ መጨረሻ አንደኛ ወጣ ይላል። እኔ ይህን ያህል ስደክም ከርሜ አሁንም ስሜ ተጠርቶ ሳነብ ይስቁብኛል። ባንድ ዓመት አንደኛ የሚወጣው ምን ቀምሶ ነው?»

እኔም በልጅነቴ ከክፍል መጨረሻ የምቀመጥ ነበርኩ። ልጅቷ ልክ ናት። ወረቀትና እስክሪብቶ አቀበልኳትና «በይ አንቺ ጨርሽው» አልኳት።

ሳምንት ፈጀባት። ሁለት ቅጠል ወረቀት ነበር የጻፈችው። በእሷ መጨረሻ ልንገረው አንደኛ አይወጣም። መምህሩ አስነስተው ያስነብቡታል፤ አንድ ቃል ላይ ይደናቀፋል። ከዚያ ጽሑፏ እንዲህ ይላል፦ «ሳቁበት። ግን አልተቀመጠም። እንደገና ከላይ ጀመረ።» ፊደል የሳተችባቸው ቦታዎች ነበሩ፤ አልነካኋቸውም። መጽሐፉን ፈታሁ፣ ሁለቱን ቅጠሎች ከመጨረሻው ገጽ ቀጥዬ ሰፋሁና ጠረዝኩት።

ወሬው ክፍሉን አዳረሰ። ልጆቹ መጽሐፉን ይሻሙበት ጀመር። ይስቁባት የነበሩት ራሳቸው ተራ ይይዙ ነበር።

አንድ ቀን አዲሱ ርዕሰ መምህር መደርደሪያ ሲያዩ መጽሐፉ እጃቸው ገባ። ወጣት ናቸው፤ ቁጣቸው ቶሎ ይመጣል።

«ወይዘሮ አንጓች፣ ይህ የመንግሥት ንብረት ነው!»

«አዎ። ልጅቷም የመንግሥት ተማሪ ናት።»

«ቅጠሎቹን አሁን ያውጡልኝ።»

«ማውጣት ከፈለጉ ወስፌው ይኸውልዎት። እኔ የሰፋሁትን አልተረትርም።»

ወስፌውን አዩት፤ አልነኩትም። በማግስቱ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ፦ ንብረት በማበላሸትና ትእዛዝ ባለመቀበል። ጥፋቱ ቢደገም ከሥራ እስከ መሰናበት እንደሚደርስ ይገልጻል። ፈርሜ ተቀበልኩ።

የሻረግ ሰምታ ኖሮ እያለቀሰች መጣች።

«በኔ ምክንያት ደብዳቤ ደረሰዎት አሉ። ያውጡት በቃ፣ እትዬ።»

«የጻፍሽው ውሸት ነው?»

«ኧረ አይደለም!»

«እንግዲያ ምን ያስለቅስሻል? ደወል ተደውሏል፤ ክፍልሽ ግቢ።»

ዓመቱ ሲያልቅ የውጤት ካርዷን ይዛልኝ መጣች። ከሃምሳ ስምንት ተማሪ አርባ አንደኛ ወጥታለች። አልፋለች። መምህሯ «ጥረቷ ጥሩ ነው» ብለው ጽፈውላታል። እሷ ግን ያንን አላሳየችኝም፤ ጣቷን ያሳረፈችው አማርኛ ውጤቷ ላይ ነበር። ከመቶ ስድሳ ሁለት።

ሌላ ደብዳቤ አልመጣም። ጡረታ ስወጣ የሻረግ ሰባተኛ ክፍል ደርሳ ነበር፤ መጽሐፉም እንደተሰፋ በውሰት ወጥቶ ነበር።

በዚህ ሥራ ላይ ላላችሁ የምለው አጭር ነው። ልጅ መጽሐፍ ዋሽቷል ሲላችሁ ወረቀት ስጡት። ማስጠንቀቂያ ቢጽፉባችሁ ፈርማችሁ ተቀበሉና ሥራችሁን ቀጥሉ።