ክረምቱን ዳባት ላይ ስንነግሥ

ባሌን ያገባሁት ሳላውቀው ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ደባርቅ የሚኖሩ አክስቴ ናቸው ያገናኙን፤ ከሠርጉ በፊት የተነጋገርነው ሁሉ ቢጠራቀም አንድ ከሰዓት አይሞላም። እሱ ዳባት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ያስተምራል፤ እኔ እዚያው ከተማ ጤና ጣቢያ መድኃኒት ክፍል እሠራለሁ። ጨዋ ሰው ነው፤ ግን ዝምተኛ። ምሳ ላይ «ወጡ ጥሩ ነው» ካለ ብዙ ተናገረ ማለት ነው። እናቱ አብረውን ይኖራሉ፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት ከልጃቸው ይልቅ የማወራው ከእሳቸው ጋር ነበር።

ክረምት ገባና ትምህርት ቤት ተዘጋ። ዳባት ክረምት ላይ ጭጋጉ ደጅ ድረስ መጥቶ ይቀመጣል፤ ዝናቡ ሲበረታ ደግሞ የቆርቆሮው ድምፅ ሰው አያነጋግርም። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ባሌ መስኮቱ አጠገብ ላፕቶፑን ከፍቶ አገኘሁት። ከኋላው ቆሜ አየሁ። ትልቅ ካርታ ነው፤ አገሮቹ በየቀለማቸው ተለይተዋል።

«የምን ሥራ ነው?» አልኩት።

«ሥራ አይደለም። ጌም ነው።»

ትንሽ ከፋኝ። ጌም ሲባል የማውቀው ወንድሞቼ ሲተኳኮሱበት የሚውሉትን ነው። ፊቴ ላይ ሳያነበው አልቀረም፤ ወንበር ሳበልኝ። «እዚህ ተኩስ የለም። እስቲ ቁጭ ብለሽ እይው።» ካገባሁት ወዲህ እንዲህ ብሎ ሲጠራኝ የመጀመሪያው ስለነበር ተቀመጥኩ።

ጌሙ የሺህ ዓመት ያህል ወደ ኋላ ይወስዳል። ከዓለም ላይ አንድ ገዥ ትመርጫለሽ፤ ንጉሥ ቢሆን፣ ትንሽ ባላባት ቢሆን። ከዚያ እሱን ሆነሽ ትኖሪያለሽ፦ ታገቢያለሽ፣ ትወልጃለሽ፣ መኳንንቱን ታባብያለሽ፣ ትዋጊያለሽ፣ ታስታርቂያለሽ። ስትሞቺ አልጋ ወራሹን ሆነሽ ትቀጥያለሽ። ወራሽ ከሌለሽ በቃ፣ አለቀ። ቀኑ እላይ ጥግ ላይ እየቆጠረ ይሄዳል፤ ግራ ሲገባሽ አንድ ቁልፍ ነክተሽ ጊዜውን ታቆሚዋለሽ። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የወደድኩት ይህን ጊዜ ማቆሙን ነው።

«ልሞክረው?» ስለው ማውሱን ሰጠኝና እጆቹን ጋቢው ውስጥ ከተተ።

ካርታው ላይ ካለው ሁሉ ትልቁን ንጉሥ መረጥኩ። ሰፊ አገር ይዤ ምን እሆናለሁ ብዬ ነው። ክተት ብዬ ጦር ሰበሰብኩና መበተኑን ረሳሁት፤ ያ ሁሉ ሠራዊት ቁጭ ብሎ ግምጃ ቤቴን በላው። አንድ አጎቴ ያሴርብኛል ተብሎ ቢነገረኝ ያለ ፍርድ አሰርኩት፤ በእሱ ሰበብ መኳንንቱ በሙሉ ተነሡብኝ። ዝናቡ ሳያባራ ዘውዴን አጣሁ። ባሌ እጆቹን ከጋቢው ሳያወጣ ያየኝ ነበር።

«እያየኸኝ ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ የኔ ጨዋታ ይሆን ነበር» አለ። ከዚያም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። አብረን ስንስቅ የመጀመሪያችን ሳይሆን አይቀርም።

ከዚያ በኋላ ከሥራ ስወጣ እቸኩል ጀመር። ቀላል ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። በአንዱ ገጽ ላይ የዘር ሐረግ፣ በሌላው ሕግ፣ በሌላው የእያንዳንዱ ሰው ጠባይ አለ፤ ይሄ ፈሪ ነው፣ ያ ቂመኛ ነው፣ ያቺ ለጋስ ናት ይላል። የተጻፈው ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው፣ ያውም እኔ ክኒን ላይ የማነበውን ዓይነት እንግሊዝኛ አይደለም። አንዱን ነካ ስታደርጊው ሦስት ሌላ ነገር ይከፈታል። ባሌ ግን ይህን ሁሉ ማንም ሳያሳየው ነው የተማረው። ዩኒቨርሲቲ እያለ አንድ ጓደኛው በፍላሽ ሰጠው፤ ከዚያ ለማስተማር ኔትወርክ የሌለበት ገጠር ተመደበ። እየተሸነፈ፣ ለምን እንደተሸነፈ እያሰበ፣ እንደገና እየጀመረ ነው የኖረው። የሚገርመኝ ግን ዕውቀቱ ብቻ አልነበረም። ከኮምፒውተር ጋር እንኳ የገባውን ውል አያፈርስም። ጎረቤቱ ደክሞ ቢያየው፣ እርቁ ሊያበቃ ጥቂት ወራት ቢቀሩት ይጠብቃል። «ማን ያይሃል?» ስለው «እኔ አያለሁ» ይለኛል። ምን ዓይነት ሰው እንዳገባሁ ከምሳ ጠረጴዛው ይልቅ እዚያ ስክሪን ላይ ተረዳሁ።

አንድ ቅዳሜ ካርታውን ወደ እኛ አገር ሳብኩት። ስሜን ተራሮች ተሥለዋል። አነስ ያለች አገር ናት፤ ነካ ሳደርጋት የቤተ እስራኤል ንጉሥ ግዛት መሆኗ ተጻፈ።

«እዩት እቴ፣ እዚህ ስሜን ላይ የነገሠው እስራኤል ነው!» አልኩ ጮክ ብዬ።

አማቴ ጥግ ላይ ጥጥ ይፈትሉ ነበር። ጨዋታችንን ከቁም ነገር ቆጥረውት አያውቁም፤ ያን ቀን ግን እንዝርታቸውን አስቀመጡ።

«ምን አልሽ አንች?»

«የቤተ እስራኤል ንጉሥ እማ። እዚሁ ተራራችን ላይ።»

ተነሥተው መጡ። ስክሪኑን ጠጋ ብለው፣ ራቅ ብለውም አዩት፤ የሚታያቸው ቀለም ብቻ ነበር። ከዚያ ቀስ ብለው እንዲህ አሉ፦ «የኔ ጓደኛኮ ከነሱ ወገን ነበረች። አባቷ ማረሻ ይቀጠቅጡ ነበር፣ እናቷ ሸክላ ሠሪ ነበሩ። ወንዝ ስንወርድ አብረን ነው። ሰዎቹ አትንኪያት ይሉኛል፤ እኔ ማን ሰምቷቸው። ኋላ አገር ለቀው ወደ እስራኤል ሲሄዱ ተሰናብታኝ እንኳ አልሄደችም። በሩ ተዘግቶ አየሁት፣ በቃ።»

ባሌም ይህን ሰምቶ አያውቅም ነበር። ወደ እናቱ ዞረ።

«እማዬ፣ እሷን ላንግሥልሽ?» አለ።

«እንዴት ተደርጎ?»

«ለንጉሡ ሴት ልጅ ከተወለደችለት ስሟን እኛ ነን የምናወጣው።»

አማቴ የጓደኛቸውን ስም ነገሩን። ብዙ ዓመት አፋቸው ላይ ያልመጣ ስም እንደነበር ከአነጋገራቸው ያስታውቃል።

ጨዋታውን እኔ ያዝኩ፣ እሱ አጠገቤ ሆነ። ንጉሣችን የወለደው ሁሉ ወንድ ሆነ። አማቴ ማድ ቤት ሆነው «ሚስቱ ወለደች?» ይላሉ፤ «ወንድ ነው እማ» እላለሁ፤ «እድሜ ይስጠው» ይላሉ፣ ግን ድምፃቸው ይቀዘቅዛል። ኋላ ሴቷ መጣች። ደስታችን ለከት አልነበረውም፤ ስሟን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ አማቴ ቀስ ብለው እየጠሩልኝ። ወንድሞቿ እያሉ እሷ እንድትወርስ ግን ሕጉ መለወጥ ነበረበት፤ ሕጉን ለመለወጥ ደግሞ መኳንንቱ መስማማት አለባቸው። ባሌ ይህን ሞክሮት አያውቅም። ሁለታችንም አብረን መሃይም ሆንን። አንዱን በስጦታ፣ አንዱን በጋብቻ፣ አንዱን ወንድሙን ከእስር በመፍታት ለማስማማት ክረምቱ ተጋመሰ። እኔ ያን ጊዜ አጎቴን ካሰርኩበት ጥፋት የተማርኩት ነበረኝ፤ ማንንም ያለ ፍርድ አላሰርኩም።

በመጨረሻ ሕጉ ተለወጠ፤ ንጉሡ ሲሞት ንግሥቲቱ ገና በልጅነቷ ነገሠች፤ በነገሠች ማግሥት ከምዕራብ ያለው ታላቁ ጎረቤት ዘመተብን። ጦሩ የእኛን ሦስት እጥፍ ይሆናል። ጊዜውን አቆምኩት። አማቴ አጠገቤ ቁጭ ብለዋል።

«ይገድሏታል?» አሉኝ።

ወደ ባሌ ዞርኩ። እሱ ካርታው ላይ የጎረቤታችንን ጦር በጣቱ እየቆጠረ ነበር። ድሮ እያወቀ ነበር የማይነግረኝ፤ አሁን ግን እሱም አያውቅም ነበር። እኔ ያኔ ትዝ ያለኝ የሊማሊሞ መንገድ ነው። አንድ ክረምት ክትባት ይዘን ወደ አዲ አርቃይ ወርደን ስንመለስ መኪናችን ዳገቱ ላይ እያቃሰተች፣ ጭጋግ ውስጥ ወርደን ስንገፋ፣ ለራሳችን የሚበላ እንኳ አጥተን ነበር የወጣነው።

«ቆላውን እንተወው» አልኩ። «ተራራው ላይ እንሰብሰብና እነሱ ይውጡ። ያን ሁሉ ሰው እዚያ ላይ ምን ያበሉታል?»

ባሌ ወደ እኔ ዞረ። «ቆላውን ያቃጥሉታል።»

«ቆላው ኋላ ይታረሳል። እሷ ግን ትትረፍ።»

«ይሁን» አለ።

ጦራችንን ወደ ላይ አወጣሁት። ጎረቤታችን ቆላውን ያዘ፣ ከዚያ ተከተለን። ከሠራዊቱ አናት ላይ ያለው ቁጥር በየወሩ እየቀነሰ ሄደ፤ ርሃብ ነው። አማቴ ቁጥሩን ማንበብ ባይችሉም ከፊታችን ያነቡት ነበር። ጦሩ ሲሳሳ ወረድንበት። አንድ ጦርነት፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ እርቅ ጠየቀን። መብራቱ እንዳይጠፋ እየጸለይኩ እርቁን ተቀበልኩ።

«እኔ ብሆን ሜዳ ላይ ገጥሜ አልቅ ነበር» አለ ባሌ። ለማባበል የሚናገር ሰው ስላልሆነ ቀኑን ሙሉ ደስ ሲለኝ ዋለ።

ንግሥቲቱ ረጅም ዘመን ገዛች። ቆላውን አስመለሰች፣ ልጆች ወለደች፣ መኳንንቷም ወደዷት። በነሐሴ ማለቂያ አንድ ከሰዓት የሞቷ መልእክት መጣ፦ በዕድሜ ብዛት፣ አልጋዋ ላይ። ለአማቴ በአማርኛ ተረጎምኩላቸው።

«በአገሯ?» አሉ።

«አዎ እማ። በአገሯ።»

ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው ትንሽ አለቀሱ። ባሌ ተነሥቶ አጠገባቸው ተቀመጠና እጃቸውን ያዘ። ከዚያ ስለዚያች ጓደኛቸው ጠየቃቸው፤ ምን ትጫወት እንደነበር፣ ዘፈን ትችል እንደሆነ፣ የትኛው ወንዝ እንደነበር። እኔ ከዚያ በፊት በተከታታይ ያን ያህል ጥያቄ ሲጠይቅ ሰምቼው አላውቅም። አማቴ እስኪመሽ አወሩ። እኛም ሰማናቸው፤ ላፕቶፑም ባትሪው አልቆ ሳናውቅ ጠፋ።