የኤሊሴዮ የስም ተራ

ኤሊሴዮ ባራሃስ ሎስ አንጀለስ ውስጥ፣ ቀድሞ ዳቦ ቤት በነበረ የእንጨት ሕንጻ፣ ለሲኒማ ቤቶች አጫጭር የካርቱን ፊልም ከሚሥሉት አራት ሠዓሊዎች አንዱ ነበር። ያ ዘመን ለካርቱን ደግ ዘመን ነበር። ሰው ለዋናው ፊልም ከፍሎ ይገባና፣ ወደ ቤቱ ሲመለስ የሚያወራው ከዋናው በፊት ስለታየችው አጭር ካርቱን ነበር።

ስቱዲዮው አንድ ልማድ ነበረው። የሚሥሉት አራቱም ናቸው፤ በፊልሙ መጀመሪያ በሚታየው የስም ሰሌዳ ላይ ግን ከአራቱ የሚጻፈው የአንዱ ስም ብቻ ነው፤ እሱም በተራ። ብዙ ሠራ፣ ትንሽ ሠራ አይባልም። ሠዓሊዎቹ በእርሳስ መቅረጫ ሳይቀር ይጣሉ ነበር፤ በስም ተራ ግን ተጣልተው አያውቁም።

ኤሊሴዮ ከሁሉም በኋላ የተቀጠረ ስለሆነ ተራውን የጠበቀው ብዙ ነው። የቸኮለው ለራሱ አልነበረም። እናቱ ዶኛ ትሪኒ ዕድሜዋን በልብስ ስፌት የጨረሰች፣ አሁን ዓይኖቿን ሞራ እየጋረዳቸው ያለች ሴት ናት። ማንበብ አትችልም፤ ነገር ግን ባራሃስ የሚለውን ስም ከባሏ የመቃብር ድንጋይ ላይ በመልኩ ታውቀዋለች። ያንን ስም በትልቁ መጋረጃ ላይ ሳታይ ብርሃኗ እንዳይጠፋ ነበር የልጁ ጭንቀት።

ከጎኑ የሚቀመጠው ኦርቪል ታጋርት ነበር፤ ቀይ፣ ተጫዋች፣ እጀ ቀና።

«አንተ ቦሎቄ፣ ዛሬስ እናትህ ምን ቋጠረችልህ?» ይለዋል በምሳ ሰዓት፣ ቦሎቄ የማይጠፋውን ምሳውን እያየ።

«ላንተ አይደለም የቋጠረችው።»

«እሷ ለሁለት ነው የምትቋጥረው፤ አንተ ነህ ስስታሙ።»

እውነትም ዶኛ ትሪኒ የምትቋጥረው ለሁለት ነበር።

በዚያ ክረምት የኦርቪል ሚስት ጥላው ሄደች። እሱም መጠጥ ጀመረ። የስቱዲዮው አዘጋጅ ሚስተር ብሬነር አንድ ጊዜ አስጠንቅቆታል፤ ሁለተኛ የለም ብሎታል። አንዲት ሰነፍ በቅሎ ከመጥረጊያ ጋር የምትጨፍርበትን ክፍል እንዲሥል የታዘዘው በዚህ መካከል ነው። የማስረከቢያው ቀን ሲቃረብ ኦርቪል ስካሩ ሳይለቀው ባዶ ወረቀቱን ያይ ጀመር። ኤሊሴዮ ወረቀቱን ወደ ራሱ ጠረጴዛ ሳበው። የጓደኛውን የእርሳስ አካሄድ አስመስሎ፣ ጭፈራውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሣለለት።

ሥዕሎቹ በካሜራ ተነሥተው በመሞከሪያ ማሽን ሲታዩ ሚስተር ብሬነር እስኪያነባ ሳቀ።

«ይህን የሠራኸው አንተ ነህ፣ ኦርቪል?»

ኦርቪል ጉሮሮውን ጠረገ። «አድክሞኛል፣ ጌታዬ።»

«እንግዲህ ይህች ፊልም ተራ አትጠብቅም። ያንተ ስም ይውጣባት።»

«ተራው የኤሊሴዮ ነው» አለ አንዱ ሠዓሊ።

«ለእሱ የሚቀጥለው ዙር ይሁንለት። ቅር ይልሃል፣ ኤሊሴዮ?»

ኤሊሴዮ ኦርቪልን አየው። ኦርቪል እርሳስ ይቀርጻል። እውነቱን ቢናገር ሰውየው ዛሬውኑ ይባረራል።

«ቅር አይለኝም።»

ውጭ ሲወጡ ኦርቪል ክንዱን ያዘው። «ሰሌዳው ሳይጻፍ ለብቻው አግኝቼ እነግረዋለሁ። ለብቻው ከሆነ አያባርረኝም።»

«ለእናቴ ብዬ ነው እንጂ እኔስ ግድ የለኝም።»

«እነግረዋለሁ አልኩህ እኮ። እናትህ እኔንም አብልታኛለች።»

ሰሌዳ ጻፊው የሚሠራው ከኮሪደሩ ማዶ ነበር። ብቅ ብሎ ማየት ይችል ነበር፤ ኤሊሴዮ ግን ጓደኛን ካመኑ በኋላ ሄዶ ማጣራት ነውር መሰለው። ያመኑት ፈረስ በደንደስ ይጥላል።

ፊልሙ በሰፈራቸው ሲኒማ ቤት የታየ ዕለት ዶኛ ትሪኒን ከፊት ወንበር አስቀመጣት። መብራት ጠፋ፣ ሙዚቃው ጀመረ፣ ሰሌዳው ወጣ። ከሠዓሊዎቹ የተጻፈው ስም ኦርቪል ታጋርት ይላል።

እናቱ አንገቷን ወደፊት አስግጋ ቆየች። «አለፈኝ መሰል። የአባትህን ስም አላየሁትም።»

በቅሎዋ መጥረጊያዋን አቅፋ ስትሽከረከር አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ዶኛ ትሪኒ ግን በመሐረቧ ጫፍ ዓይኖቿን ትጠርጋለች፣ ደግማ ትጠርጋለች።

መንገድ ላይ፣ «በቃ፣ ዓይኔ አለቀ ማለት ነው» አለች።

«ዓይንሽ አይደለም፣ እማዬ። አልጻፉትም።»

«ተራህ አልነበረም?»

«ነበር።»

ትንሽ እንደ ሄዱ፣ «ያ ቀዩ ጓደኛህስ? እሱ አልተናገረልህም?» አለችው።

«አልተናገረልኝም።»

ከዚያ ወዲያ ምሳ የምትቋጥረው ለአንድ ሆነ።

ሰኞ ዕለት ኦርቪል ወንበሩን ጎትቶ ተጠጋው። «ልነግረው ነበር። ገባሁ፤ ስልክ ላይ ሆኖ አገኘሁት፤ ከዚያ ወኔዬ ከዳኝ።» አንድ ጥቅል ባዶ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «በዚያ ላይ ሌላ ጭፈራ አዞኛል። በቅሎዋ በረዶ ላይ እንድትጨፍር ይፈልጋል።»

ኤሊሴዮ ወረቀቱን መልሶ ገፋለት። «ሣላት እንግዲህ።»

«እንደማልችል ታውቃለህ፣ ወንድሜ።»

«አውቃለሁ። ከእንግዲህ ብሬነርም ይወቀው።»

እርሳሶቹን ሰብስቦ መስኮቱ ጥግ ወዳለው ጠረጴዛ ተዛወረ። ሚስተር ብሬነር ምክንያቱን ሲጠይቀው፣ «ብርሃኑ እዚህ ይሻላል» አለው። ኦርቪል በበረዶዋ በቅሎ ላይ ጥቂት ሳምንት ሲታገል ቆይቶ፣ ማንንም ሳይሰናበት ቀረ።

የኤሊሴዮ ተራ ተመልሶ የመጣው በዓመቱ ነው። ዶኛ ትሪኒ በዚያው ሲኒማ ቤት፣ በልጇ ክንድ ተመርታ ተቀመጠች። ሰሌዳው ሲወጣ ፊቷን ሙዚቃው ወደሚመጣበት ወደ ጎን አዙራ ነበር። ኤሊሴዮ አገጯን በእጁ ይዞ ወደ መጋረጃው መለሰላትና ስሙን በጆሮዋ አነበበላት።

«ፊደሎቹ ትልልቅ ናቸው?» አለችው።

«ትልልቅ ናቸው።»

«እሰይ» አለች፤ እጁን ግን ፊልሙ እስኪያልቅ አልለቀቀችውም።